ኳሷ ኃይል አላት ወይስ የላትም?

አንድ የፊዚክስ መምህር እንዲህ ጠይቀውኛል፦ «ተማሪዬ ‹በረኛው የያዛት ኳስ ብዙ ኃይል ነበራት› ብሎ ጻፈ። በቀይ አሰመርኩበት። አማርኛው ግን ጆሮዬን አልጎረበጠውም። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?»

ጥፋቱ «ነበራት» ላይ ነው። ኳሷ ይዛ የምትመጣው ሞመንተም ነው፤ መጠነ ቁሷ (በኪሎ ግራም የሚለካው) በፍጥነቷ ሲባዛ ማለት ነው። ኃይል የሚታየው ይኼ ሲለወጥ ነው። 0.45 ኪሎ ግራም የሆነች ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር እየበረረች መጣች እንበል። ሞመንተሟ 9 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። በረኛው እጁን ወደ ደረቱ እየሳበ በ0.1 ሰከንድ ካቆማት፣ መዳፉ ላይ በአማካይ 90 ኒውተን (የኃይል መለኪያው ነው) ያርፍበታል። እጁን አድርቆ በ0.01 ሰከንድ ካቆማት ግን 900! ኳሷ ያቺው ናት። ታዲያ «የነበራት» የቱ ነው፣ 90ው ወይስ 900ው?

ልጁ ላይ ግን አይፍረዱ። «ኃይል» ከግእዙ «ኀይል» የመጣ ነው (በሀሌታው «ሀ» የምትጽፉትን እግዜር ይይላችሁ)። የዕብራይስጡ ዘመዱ «ሐይል» ብርታትም ሠራዊትም ነው፤ እኛም «አየር ኃይል» እንላለን። ቃሉ ከጥንትም ባለቤት ይወዳል። «አለው» ቢከተለው ምን ይገርማል?

ለዚህ ነው እኔ በ«ኃይል» ፈንታ «ጉልበት» የምለው። «በጉልበት ገፋው» ሲባል ግፊያው ይሰማል፤ ጉልበት የእግር መታጠፊያም ነውና። «ጉልበትም እኮ ያው ‹አለው› ነው የሚባለው» ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ለጆሮዬ «ጉልበት» ይሻለኛል። በርግጥ መብራቱም ጦሩም «ኃይል» ከተባለ በኋላ ማን ይሰማኛል?

«ሞመንተም»ንም የጻፍኩት ሳልወድ ነው። ኒውተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1687 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ «የእንቅስቃሴ መጠን» ብሎ ነው የበየነው፤ ሁለተኛው ሕጉ ላይ ደግሞ ጭራሽ «እንቅስቃሴ» ብቻ ብሎ አለፈው። «እንቅስቃሴ»ን የመሰለ ቃል እያለን ለምን ብድር? ግን አሁን የስፖርት ጋዜጠኛውም «ቡድኑ ሞመንተም አግኝቷል» ይላል። አበቃለት።

ለተማሪው «ኃይል አረፈበት» ወይም «ኃይል አሳረፈ» ማለትን ያስለምዱት። «ኃይለኛ ኳስ» ብሎ ከመጣ ግን ቀዩን እስክሪብቶ ይመልሱት። ኃይለኛ ዝናብ፣ ኃይለኛ ውሻ እያልን ኖረናል፤ ውሻውን በኒውተን የለካው የለም።