«ልጄ ፂሙን አልላጭም ብሎ ከትምህርት ቤት ቀረ»

ጥያቄ

የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ 10ኛ ክፍል ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፂሙ ከእኩዮቹ ቀድሞ በቀለ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ ፂም ማሳደግ አይችልም የሚል ደንብ አለው፤ ሰኞ ሰኞ በር ላይ ይፈተሻሉ። ስንለምነው ይላጫል፤ ከተላጨ በኋላ ግን ሁለት ሦስት ቀን አገጩን በእጁ ይዞ ወይም የሹራቡን አንገት ወደ ላይ ስቦ ይውላል። ከወር በፊት ከሰልፍ መሃል አውጥተው «ጋሼ፣ መምህር ነህ ወይስ ተማሪ?» ብለው ካሳቁበት በኋላ ወደ ቤት መለሱት። የዚያን ሳምንት እሑድ ማታ አባቱ ተናዶ እጁን ጨምድዶ በራሱ መላጫ ላጨው። የሸሚዙ ኮሌታ ደም ነካው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አባቱን አያናግርም፣ አብሮን ገበታ አይቀርብም፣ አምስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቷል። አባቱ «ጠግቦ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ለፀጉር ቤት በድብቅ ብር እሰጠዋለሁ፤ አባቱ ሲጠይቀኝ ሌላ ነገር እናገራለሁ። በማን በኩል ልቁም? ትምህርት ቤቱንስ ልቀይርለት?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን ሁሉ ቁልፉ ያለው እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ባለፉት ቦታ ነው፤ ከተላጨ በኋላ አገጩን ሸፍኖ ይውላል ያሉት ላይ። በጥጋብ ፂሙን የሚያሳድግ ጎረምሳ በፂሙ ይኮራል፤ ሲላጭ ይከፋዋል፣ ያኮርፋል፣ ፊቱን ግን አይደብቅም። የእርስዎ ልጅ የሚደበቀው ፂሙ ሲኖር ሳይሆን ሲላጭ ነው። ስለዚህ የጠቡ መነሻ እልህ ሳይሆን ቆዳው ሊሆን ይችላል ብለው ይጀምሩ።

መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፤ «ስትላጭ ያምሃል ወይ?» የሚል። «ለምን አትላጭም?» አይበሉት፤ «ለምን» በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው። ፊት ለፊት አስቀምጠውም አይጠይቁት። ወደ ሱቅ አብራችሁ ስትሄዱ ወይም ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ይሁን፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማውራት ለጎረምሳ ይቀልለዋል። «አዎ» ካለ አያስረዝሙት። «አላወቅሁም ነበር፣ መፍትሔ አለው» ብለው ይተዉት።

አሁን ስለ ቆዳው። ፀጉሩ ጥቅልል የሆነ ሰው ሲላጭ የፂሙ ጫፍ ይሾላል። ቀጥ ያለ ፀጉር ወደ ውጭ ያድጋል፤ ጥቅልሉ ግን ሲያድግ ታጥፎ መልሶ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነትም እንደ ገባ እሾህ ቆጥሮት ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም መግል ይቋጥራል፤ ሲድን ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ ብጉር ነው እያለ ያልፈዋል። የሚለየው እንዲህ ነው፤ ብጉር ግንባርንም አፍንጫንም ይይዛል፣ ይህ ግን ምላጭ የነካውን ቦታ ብቻ፣ በተለይ አንገትንና የአገጭን ሥር ነው የሚይዘው፤ ከተላጨም በአንድ ሁለት ቀን ችፍ ይላል። በጥሩ ብርሃን ቀርበው ቢያዩ ከእብጠቱ ሥር እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ ፀጉር ይታያል።

አባቱ የላጩበት መንገድ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ቆዳ የመጨረሻው ክፉ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። በንዴት የሚላጭ ሰው ቆዳን ወጥሮ ይይዛል፣ ከታች ወደ ላይ ይስባል፣ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ይፍቃል። ቆዳ ተወጥሮ የተቆረጠ ፂም ቆዳው ሲላላ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሳይወጣ እዚያው ይታጠፋል። መላጫ መዋስም ለብቻው አደጋ አለው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፤ የአባትም ሆነ የወንድም መላጫ ለሌላ ሰው አይሰጥም። በዚህ ጉዳይ ቤተሰብ ብሎ ነገር የለም።

እንዲድን ከተፈለገ ምላጭ ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ይቁም። በዚህ ጊዜ ጠዋትና ማታ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ለ5 ደቂቃ አገጩና አንገቱ ላይ ያድርግ፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ በክብ በክብ ቀስ አድርጎ ይሽ፤ የታጠፉት ፀጉሮች ይፈታሉ። ከቆዳው በላይ ቀለበት ሠርቶ የሚታይ ፀጉር ካለ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ጫፉን ብቻ ቀና ያድርገው፤ አይንቀለው። የተነቀለ ፀጉር እንደገና ሲበቅል ከቆዳ ሳይወጣ ከውስጥ ሊወጋ ይችላል። መግል የሚቋጥር ከሆነ ፋርማሲ 2.5 ወይም 5 በመቶ የሆነ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ አለ፤ በቀን አንድ ጊዜ ስስ አድርጎ ይቀባ። ፎጣና ሸሚዝ ያነጣል፣ ስለዚህ በደንብ ይድረቅለት።

ሎሚ፣ ሽቶና አልኮል ፊቱ ላይ አይድረስ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን በሰው ምክር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙትን የስቴሮይድ ቅባቶች ነው። በሦስት ቀን እብጠቱን ስለሚያጠፉ መድኃኒት የተገኘ ይመስላል፤ ለሳምንታት ሲቀቡ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ መልክን ያዥጎረጉራሉ፣ ራሳቸው ብጉር ያመጣሉ። እብጠቱ እየጠነከረና እያደገ የሚሄድ ከሆነ፣ በተለይ በቤተሰብ ውስጥ ጠባሳው የሚፋፋ ሰው ካለ፣ ሳይውል ሳያድር የቆዳ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው።

ከዳነ በኋላ የሚበጀው የፀጉር ቤት ማሽን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ ይቁረጥ እንጂ ሙልጭ አያድርገው፤ አስተካካዩም ጠርዙን በምላጭ ልጨርስልህ ሲለው እንቢ ይበል። ፂም በቀን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ስለዚህ እሑድና ረቡዕ ማታ ከተቆረጠ ሳምንቱን ሙሉ ከሩቅ ጥላ ብቻ ነው የሚመስለው። በየጊዜው ፀጉር ቤት ከመሄድ አንድ የራሱ ማሽን ቢኖረው ይረክሳል፣ ከሰው ሰው የሚተላለፍ የፀጉርና የቆዳ ፈንገስም ይቀርለታል። ምላጭ ግድ ከሆነበት ቀን ፊቱን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ አረፋ ቀብቶ 2 ደቂቃ ጠብቆ፣ አንድ ምላጭ ባለው መላጫ ፂሙ በተኛበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ ይሳብ። ሦስትና አምስት ምላጭ የተደረደረባቸው መላጫዎች ፀጉሩን ከቆዳ በታች ስለሚቆርጡ ለእሱ አይሆኑም። ሲጨርስ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ከዚያ ሽታ የሌለው ቅባት።

አባቱ «አሁን ከጀመረ ይበረታበታል» የሚል ሐሳብም ካላቸው፣ መላጨት ፂምን አያበረታም። አሜሪካዊቷ የሥነ አካል ተመራማሪ ሚልድረድ ትሮተር በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት መርምራ ያገኘችው ይህንኑ ነው። ዳግመኛ ሲበቅል የሚሻክረው ጫፉ ስለተቆረጠ ብቻ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። ደንቡን ራሱን ጠላት አናድርገው። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ የሚያስተዳድር ትምህርት ቤት በር ላይ ተማሪውን ከውጭ ሰው መለየት አለበት። ችግሩ ደንቡ አካልን በአንድ ዕድሜ መለካቱ ነው። የፂም ጅማሬ ከልጅ ልጅ በብዙ ዓመት ይለያያል፤ አንዱ በ14 ይላጫል፣ ሌላው በ18 ላይ ከላይኛው ከንፈሩ ጥግ ለጋ ሪዝ ብቻ ይታይበታል። ቀድሞ የደረሰው ልጅ «ጋሼ» ይባላል፣ ክፍል የደገመ ይመስላል፣ መምህራንም ሳያስቡት እንደ አዋቂ ይቆጡታል። ውስጡ ግን ያው የ16 ዓመት ልጅ ነው። በሰልፍ ፊት መሳቂያ ሲሆን ጥፋቱን ሳይሆን ራሱን ይጠላል። ጥፋት የሠራ ልጅ ሊያርም ይሞክራል፤ ያፈረ ልጅ ግን ይደበቃል። አምስቱ ቀን የቀረው ለዚህ ነው።

በሩ ላይ አይከራከሩ። ጠባቂው የተሰጠውን ትእዛዝ ነው የሚፈጽመው። ከቤት ክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ቀጠሮ ይያዙ፣ ከዚያ ዩኒት ሊደሩ (የተማሪዎችን ሥርዓት የሚከታተሉት ኃላፊ) ጋር ይግቡ። ሁለት ወረቀት ይዘው ይሂዱ። አንዱ የትምህርት ቤቱ የደንብ ጽሑፍ ነው፤ «ፂም» ሲል ሙልጭ መላጨትን ነው ወይስ ንጹሕ ሆኖ ማጠርን የሚለው ጥያቄ እዚያው ይነሣል። ሁለተኛው የሐኪም ማስረጃ ነው። «የቆዳ ችግር አለበት» ብቻ ብሎ የተጻፈ ማስረጃ አይጠቅምም፤ በር ላይ የቆመው ሰው ምኑን ይለካበታል? ሐኪሙ የችግሩን ስም፣ ምላጭ መከልከሉን፣ ለመጀመሪያው 4 ሳምንት ምንም እንደማይቆረጥ፣ ከዚያ በኋላ በማሽን 1 ሚሊ ሜትር እንደሚቀርና ማስረጃው እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይጻፍልዎ። ዩኒት ሊደሩ የማይቻል ነው ካሉ፣ በመላጨት ጉዳይ ጥብቅ የሆነው የአሜሪካ ጦር እንኳ ለዚሁ ሕመም በሐኪም ማስረጃ ለብዙ ዓመታት ፈቃድ ሲሰጥ መኖሩን ይንገሯቸው።

ሌላም ሁለት ነገር ይጠይቁ። ፍተሻው በሰልፍ ፊት ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ይሁን፤ ማንም ሠራተኛ በመቀስም በምላጭም ልጁን እንዳይነካ ቃል ያስገቡ። በአንዳንድ ትምህርት ቤት የተማሪን ፀጉር መሃል ለመሃል በመቀስ ቆርጦ መስደድ እንደ ቀላል ይታያል። ቀላል አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳና ጭካኔ ከተሞላበት ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ካልተግባባችሁ ርእሰ መምህሩ፣ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት)፣ ከዚያም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አሉ። (በሐዘን ምክንያት እስከ አርባ ፂሙን ላላነሣ፣ ወይም በሃይማኖቱ ለሚያስቀምጥ ልጅም መንገዱ ይኸው ነው፤ ፂሙ ከማደጉ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ።) ይህን ውይይት ልጁ ከመመለሱ ቀን በፊት ይጨርሱት። የ16 ዓመት ልጅ እናቱ እጁን ይዛ በር ላይ ስትከራከርለት ከማየት ፂሙን መላጨት ይመርጣል።

ስለዚህ ትምህርት ቤት መቀየሩን ለአሁኑ ይተዉት። ያው ቆዳ፣ ያው ደንብ ሌላ በር ላይ ይጠብቀዋል፤ ጓደኞቹን ግን ያጣል።

ከባዱ የእሑዱ ማታ ነገር ነው። አባቱ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ከደብዳቤዎ ይገባኛል፤ ልጃቸው በሰው ፊት መዋረዱ እሳቸውንም አሳፍሯቸዋል፣ ኀፍረቱ ደግሞ በንዴት ወጣ። ነገር ግን አካሉ የራሱ መሆን በጀመረበት ዕድሜ ጨምድዶ መላጨት ልጁ የሚረሳው ነገር አይደለም። ሦስት ሳምንት ዝም ማለቱም ንቀት ሳይሆን ጉዳት ነው። እርቁን አባቱ መጀመር አለባቸው። ብዙ አባቶች ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ክብር ይቀንሳል ብለው ይፈራሉ፤ ልጅ ግን አባቱ ሲሳሳት አይቶታል፣ የሚጠብቀው እሳቸውም ማየታቸውን ነው። ቃሉ አጭር ይሁን፤ «ልጄ፣ ያን ቀን በግድ መላጨቴ ልክ አልነበረም። እንደሚያምህም አላወቅሁም። ሁለተኛ አላደርገውም።» እዚያ ላይ ይብቃ። «ግን አንተም» የሚል ቃል ከተከተለ ሁሉም ይፈርሳል። ልጁ ወዲያው ባይመልስም አይቆጡት፤ ከዚያ በኋላ አባቱ ማሽኑን አብረውት ቢገዙ ከረጅም ምክር ይበልጣል።

አባቱን ለማሳመን ቆዳውን ያስቀድሙ። «በደልከው» ብለው ከጀመሩ ይከላከላሉ፤ «ጥጋብ አይደለም፣ ሕመም ነው፣ ና ሐኪም ጋር አብረን እንሂድ» ካሏቸው መውጫ ያገኛሉ። ሐኪሙ ፊት የሚሰሙት ከእርስዎ አፍ ከሚሰሙት የበለጠ ይገባቸዋል። ሽማግሌ ለመሰብሰብ አይቸኩሉ፤ ሦስት አራት ትልልቅ ሰው በተቀመጠበት ልጁ ተከሳሽ ሆኖ ነው የሚቆመው። ሰው ካስፈለገ እሱ የሚወደው አንድ አጎት ይበቃል።

እርስዎም የድብቁን ብር ያቁሙ። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ለልጁ የሚያስተምረው ከአባቱ ጋር መነጋገር እንደማይቻል ነው፣ አባቱም ሲደርሱበት ሁለታችሁም ያታለላችኋቸው ይመስላቸዋል። ብሩን በግልጽ ይስጡት። በማን በኩል ልቁም ላሉት፣ ለልጅዎ «አባትህ ያደረገው ልክ አልነበረም፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ» ይበሉት፤ አባቱን ግን በእሱ ፊት አይስደቡ፣ መልእክትም ከአንዱ ወደ አንዱ አያመላልሱ።

ልጁ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፣ ከጓደኞቹም ከተለየ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው። መኖር ምን ያደርግልኛል የሚል ቃል ካወጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ ያኑ ቀን ብቻውን ሳይተዉት ሆስፒታል ይውሰዱት።

ይህን መልስ ለልጅዎ ማሳየት ከፈለጉ ስለ ቆዳውና ስለ አቆራረጡ ያለውን ብቻ ገልብጠው ይስጡት። ስለ አባቱ የተጻፈውን ግን ከእርስዎ ስልክ አያንብበው፤ ከአባቱ አፍ ቢሰማው ይሻላል።