አንድ ዕልባት ለሁለት አንባቢ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አምስት ኪሎ የምማር ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ቁልፍ ቃላቱ አማርኛ የሆኑ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ እየሠራሁ ነው፤ ኢንተርፕሪተሩን (ኮዱን እያነበበ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም) የምጽፈው በጃቫ ነው። «ለእያንዳንዱ» ያልኩት ሉፕ (በዝርዝር ላይ አንድ በአንድ እየዞረ ሥራ የሚደግም ትእዛዝ) ለብቻው ሲሆን ሰላም ነው። በአንድ ዝርዝር ላይ አንዱን ሉፕ በሌላው ውስጥ ስከት ግን ጉድ ይፈላል። ሦስት ስም ካለው ዝርዝር 9 መስመር ስጠብቅ 3 ብቻ አውጥቶ ያበቃል። የስህተት መልእክት እንኳ የለም። ፓርሰሩን (የኮዱን ሰዋስው የሚተነትነውን ክፍል) ደጋግሜ ፈተሽኩት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ፓርሰሩን ተወው፣ ምስኪን፣ የለበትም። እኔን ያነቃችኝ 3 የምትለዋ ቁጥር ናት። «ስንተኛው ላይ ደርሻለሁ» የሚለውን ኢንዴክስ ዝርዝሩ ራሱ ውስጥ ነው ያስቀመጥከው።

ሁለት ሰው አንድ ዳዊት በአንድ ዕልባት ሲያነብ አስብ። ውጪኛው ሉፕ የመጀመሪያውን ስም ያነሳል። ውስጠኛው ይመጣና ዕልባቱን ወደ መጀመሪያው መልሶ እስከ መጨረሻ ያነባል፤ 3 መስመር። ውጪኛው ሲመለስ ዕልባቱን መጨረሻ ላይ ያገኘዋል። «ለካ ጨርሻለሁ» ብሎ ይወጣል። ውስጠኛው ወደ ዜሮ ባይመልሰው ኖሮ የምታየው 2 መስመር ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ውስጠኛውን ሉፕ ገና አንድ ስም እንዳነበበ አቋርጠው። ውጪኛው ሁለተኛው ስም ላይ ተጣብቆ ሲሽከረከር ያድራል።

መፍትሔው፦ ዝርዝሩ ዕቃውን ብቻ ይያዝ። ሉፕ በጀመረ ቁጥር የራሱ ኢንዴክስ ያለው አዲስ ኢተሬተር፣ ማለት የራሱን ዕልባት የያዘ አንባቢ፣ ይፈጠር። ግሎባል ቫሪያብል (ፕሮግራሙ በሙሉ የሚጋራው ቦታ) ላይ ግን ኢንዴክሱን እንዳታስቀምጠው፤ ፈንክሽን ራሱን ሲጠራ ሁለቱ ጥሪዎች ያንኑ ዕልባት ይጋሩና ተመልሰህ እዚያው ነህ። ደግሞ አትፈር። ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ እንኳ ፎርኢችን (የእሱን «ለእያንዳንዱ») ከአሬዩ (ከዝርዝሩ) ውስጣዊ ጠቋሚ ያላቀቀው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 7ኛው ቨርዥን ነው።

ይሄ እልባት ሲያገኝ ሌላ ይመጣብሃል። ሉፑ እየዞረ አንድ ስም ቢሰረዝስ? አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ አስከባሪው በቁጥር ይጠራል እንበል። 3ኛውን አስወጣው። 4ኛው ወደ 3ኛ ቦታ ተጠጋ። እሱ ቀጥሎ «አራተኛ!» ሲል አንድ ሰው ተዘለለ፤ ጠብም ተነሳ።

አንዳንዱ ቋንቋ ሉፑ ሲጀምር የዝርዝሩን ቅጂ ወስዶ በቅጂው ላይ ይዞራል። እኔ ግን መጮህ ይሻላል ባይ ነኝ። ዝርዝሩ ላይ ሲጨመር ወይም ሲሰረዝ ከፍ የሚል ቆጣሪ አድርግ። ኢተሬተሩ ሲፈጠር ቁጥሩን ይያዝ፤ ከተለወጠበት ስህተት ያውጣ። አሬይሊስት የተባለው የጃቫ ዝርዝር ሞድካውንት በሚባል ቆጣሪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እንዳለ ግን አትቅዳው። ጃቫ ቆጣሪውን የሚያየው ቀጣዩን ሲያወጣ እንጂ «የቀረ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አይደለም። ስለዚህ ሉፑ ከመጨረሻው በፊት ያለው ስም ላይ ሳለ ያንኑ ስም ብትሰርዘው፣ ኢንዴክሱና የዝርዝሩ ርዝመት እኩል ይሆኑና ሉፑ ድምፁን አጥፍቶ ያበቃል። የመጨረሻው ስም ሳይነበብ ይቀራል። አንተ ሁለቱም ቦታ ላይ ፈትሽ።