ኮድ ጣና ውስጥ ይኖር ይሆን? ስለ ቀዝቃዛ ባሕር ዓሦች የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ጣና ዓሦች ስንጫወት አንዱ «እነዚያ የፈረንጅ አገር ዓሦች በረዶ ውስጥ እንዴት ይኖራሉ?» አለ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። በሰሜን ቀዝቃዛ ባሕሮች ስለሚኖሩት ስለ ኮድና ስለ ፖሎክ ዓሦች የመጡትን ሰብስቤ እዚህ ልመልስ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኮድና ፖሎክ አንድ ዓሣ ናቸው? (ተማሪ፣ ከፔዳ)

ዘመዳሞች ናቸው። ጀርባው ላይ ሦስት ክንፍ፣ ከሆዱ በስተኋላ ደግሞ ሁለት ክንፍ ያለው የባሕር ዓሣ ካየህ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው ብትል ብዙም አትሳሳትም። ኮድ አገጩ ላይ አንዲት ጢም አለችው። በእሷ የባሕሩን ወለል እየዳሰሰ ምግብ ይፈልጋል። (የእኛ አምባዛ ስምንት አለው፤ በጢም አንታማም።) በአትላንቲክ ያለው ፖሎክና የአላስካ ፖሎክ ግን የተለያዩ ናቸው። የአላስካው እንዲያውም ከኮድ ጋር በአንድ ወገን ነው የሚመደበው። በብዛት የሚጠመደው በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው በቤሪንግ ባሕርና በአካባቢው ነው። ተፈጭቶ የሸርጣን ሥጋ መስሎ የሚሸጠው ምርት ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ውሃው በረዶ እየሆነ የዓሣው ደም እንዴት አይሆንም?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። የባሕር ውሃ ጨው ስላለው በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች ወደ 1.9 ዲግሪ ሲወርድ ነው። የአብዛኞቹ ዓሦች ደም ግን ገና ከዜሮ በታች 0.7 አካባቢ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ውሃው ሳይጋገር ዓሣው ሊጋገር የሚችልበት ክፍተት አለ። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ዳርቻ የሚከርመው ኮድና ወደ ሰሜን ዋልታ ያለው ትንሹ ዘመዱ ይህን ክፍተት የሚያልፉበት ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ አላቸው። ፕሮቲኑ ሰውነት ውስጥ የገባች ደቃቅ የበረዶ ቅንጣት ላይ ተለጥፎ እንዳታድግ ያደርጋታል።

የሚገርመው ሌላ ነው። በደቡብ ዋልታ ያሉ፣ ከኮድ ጋር የቅርብ ዝምድና የሌላቸው ዓሦችም ተመሳሳይ ፕሮቲን አላቸው። ከኮድ አልወረሱትም፤ በራሳቸው መንገድ ነው የደረሱበት። የኮዱን ዘረ መል የመረመሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳዩት ደግሞ፣ መነሻው ቀድሞ ምንም ፕሮቲን ከማይሠራ የዲኤንኤ ክፍል ነው። ሥራ ፈት ከነበረ ቁራጭ ሕይወት አዳኝ ነገር ወጣ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጣና ውስጥ ብናረባውስ? ገበያ አለው እኮ። (ከቀበሌ 14)

አይሆንም ወንድሜ። አንደኛ ጨው የለም። የኮድ እንቁላል የሚንሳፈፈው ጨዋማው ውሃ ስለሚያነሳው ነው፤ ጣና ላይ ቢጣል ወደ ጭቃው ይሰምጣል። ሁለተኛ ኦክስጅን ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ ጨው አልባ ውሃ በሊትር ከ14 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። 25 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 8 ይወርዳል። ይህ እንግዲህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከዚያም ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀነሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የዓሣው ሰውነት የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ፍላጎቱ ወደ ላይ፣ አቅርቦቱ ወደ ታች። ወደ ጥልቁ ወርዶ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይፈልግ ደግሞ፣ የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ያህል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ማየት ከፈለግህ ባሌ ተራሮች ሂድ። ከውጭ መጥቶ እዚያ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ትራውት አለ።

ጥያቄ፦ አንዲት ኮድ ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች ሲባል ሰማሁ። እንዲህ የሚወልድ ዓሣ እንዴት ያልቃል? እኛንም እኮ ዓሣ ጨረሳችሁ ይሉናል። (ዓሣ አጥማጅ፣ ከዘጌ)

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ትልቅ እናት ኮድ በአንድ የመራቢያ ወቅት ብዙ ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች። ግን ጥላው ትሄዳለች። እንቁላሉ በማዕበል እየተገፋ ይንሳፈፋል፣ ይበላል፣ የተፈለፈለውም ምግብ ሳያገኝ ይሞታል። ቀረሶ የምትጥለው በጣም ጥቂት ነው፤ ግን እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ስለዚህ የእንቁላል ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ዋናው ነገር ግን ዓሣው ለመራባት አንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። ከኖርዌይና ከሩሲያ በስተሰሜን ካለው ከባሬንትስ ባሕር የሚነሳው ኮድ በየዓመቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ወደ ኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች እየጎረፈ ይራባል። አጥማጁ ቦታውንም ወሩንም ያውቃል። ዓሣው ባሕሩ ላይ ተበትኖ ሳለ ቢሳሳ መረቡ ባዶ ሆኖ ይነግርሃል። አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ግን ቁጥሩ እያለቀም መረቡ ይሞላል። ሞልቶ ሞልቶ፣ አንድ ቀን ይነጥፋል።

ኒውፋውንድላንድ ላይ የሆነው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ለዘመናት ሲጠመድ የኖረ ኮድ ነበር። ግዙፍ መርከቦች ሲመጡ መንጋው ተመናመነ፤ ውሃው በጣም የቀዘቀዘባቸውና የሚበላው ትንሽ ዓሣ የጠፋባቸው ዓመታትም ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1992 የካናዳ መንግሥት ማጥመዱን አገደ። 30,000 ገደማ ሰው ከሥራ ወጣ። ለጥቂት ዓመታት ይሆናል የተባለው እገዳ የተነሳው በ2024 ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለመራባትም ዓመታት ይፈልጋል። ትልልቆቹ እናቶች ስላለቁ ደግሞ የቀሩት ገና በትንሽነታቸው መራባት ጀመሩ፤ ትንሽ እናት የምትጥለው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ቀረሶና አምባዛ እንደ ነጭ ዓሣው አይደሉም። ነጭ ዓሣ ከምንላቸው ብዙዎቹ ክረምት ላይ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል ዓባይን ሽቅብ ወጥተው ነው የሚራቡት። በወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ የሎፎተንን ሥራ ይሠራል። ጣና ውስጥ ያሉት የዚህ ወገን ዝርያዎች አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም፤ ከሌላ ባሕር የሚተካቸው አይመጣም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ይዘጋ፣ ሐይቁ ክፍት ይሁን። «በነዚያ ወራት ልጆቼን ማን ያብላ?» ቢሉኝ ግን ጥያቄዎ ትክክል ነው። መልሱን መስጠት ያለበት የሚዘጋው አካል ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜያቸው በምን ይታወቃል?

በጆሮ ድንጋያቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለች ትንሽ ድንጋይ በየዓመቱ ቀለበት ትጨምራለች፤ በማጉያ መነጽር ይቆጠራል። ኮድ 25 ዓመት ሊደርስ ይችላል። እንደኛ የክረምት በረዶ በሌለበት አገር ቀለበቱን ማንበብ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ዓሣ ድምፅ ያወጣል የሚባለው ውሸት ነው አይደል?

እውነት ነው። ኮድ የአየር ከረጢቱን በጡንቻ እየመታ ያጉረመርማል፤ በተለይ በመራቢያ ወቅት።

ጥያቄ፦ የዓለም ሙቀት መጨመር አይጠቅማቸውም? ቅዝቃዜው ይቀንስላቸዋል። (ተማሪ፣ ከፔዳ፣ በድጋሚ)

ከወትሮው ካልባሰ በቀር ብርድ ለእነሱ ችግር አይደለም፤ የለመዱት ኑሮ ነው። ቤሪንግ ባሕር ላይ በረዶ በደንብ በሚይዝባቸው ዓመታት ትንንሾቹ ፖሎኮች የሚበሏቸው ደቃቅ እንስሳት ስብ የበዛባቸው ናቸው። በሞቃት ዓመት እነዚያ ወፋፍራሞች ይቀንሳሉ። ጫጩቱ በበጋ ያደገ ይመስላል፣ ግን ስብ አልያዘምና ክረምቱን አይዘልቅም። በዚያ ላይ ትልልቆቹ ፖሎኮች የራሳቸውን ልጆች ይበላሉ።

ጥያቄ፦ በጾም ይበላል?

ይሄንን ለንስሐ አባትዎ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ የሚሸጠው የዓሣ ዘይት ከዚህ ዓሣ ነው? ለልጄ ልስጠው? (እናት፣ ከዓባይ ማዶ)

«የኮድ ጉበት ዘይት» የሚል ከሆነ አዎ እህቴ። ኮድ ስቡን የሚያከማቸው በጉበቱ ነው፤ ሥጋው ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ዘይቱ ቫይታሚን ኤና ዲ ይዟል። ቫይታሚን ዲን የባሕር ዳር ፀሐይም ትሰጣለች። ቫይታሚን ኤ ግን ሲበዛ ይጎዳል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አንቺ ራስሽ ሐኪም ሳትጠይቂ አትውሰጂው። ለልጁም መጠኑን ባለሙያ ይንገርሽ፤ በማንኪያ በግምት አይሰጥም።