ባንክ በያዘው ቤት ላይ ቀብድ መቀበል

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቤቴን አስይዤ ለንግድ የተበደርኩትን መክፈል አቅቶኛል። ባንኩ በሐራጅ ሊሸጠው ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል። አሁን የቤት ዋጋ ወርዷል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደደረሰው ገበያው ሲወድቅ ፍርድ ቤት ሐራጁን አያግድልኝም? ለማንኛውም አንድ ዘመዴ ቤቱን ከእኔ ሊገዛ ተስማምቷል።

መልስ፦ የአሜሪካው ቀውስ ገቢያቸው በወጉ ላልተጣራ ሰዎች፣ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ኋላ በሚያሻቅብ ወለድ፣ ብድር በገፍ ከመስጠት የመጣ ነው። ዋጋው ሲወርድ ዕዳው ከቤቱ በለጠ። በእኛ ሕግ ግን የገበያ መውረድ ብቻውን ሐራጅ አያስቆምም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ይሸጣል፤ ሥርዓቱን ከጣሰ ለጉዳቱ ይጠየቃል። ሽያጩ ያልሸፈነው ዕዳ በእርስዎ ላይ ይቀራል።

እኔን ያሳሰበኝ በመጨረሻ ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር ናት። «ተስማምቷል» አሉ እንጂ ገንዘብ ተቀብለው እንደሆነ አልነገሩኝም። ማስጠንቀቂያው የደረሰዎትን ቀን አልጻፉም፤ ባለቤትዎንም አላነሱም። እንዲህ ግማሹን አስቀርቶ መጠየቅ የሚጎዳው እርስዎን ነው።

ባለዕዳዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይህ ነው። ሐራጁ ሲቃረብ በሽማግሌ ፊት አንድ የሽያጭ ወረቀት ተፈራርመው ቀብድ ይቀበላሉ፤ ቀብዱም ለከባድ የአራጣ ዕዳና ለቤት ወጪ ያልቃል። ባንኩ ያን ወረቀት አያውቀውም። የተመዘገበ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሐራጁም ይቀጥላል። ቤት ያጣው ዘመድዎ ወደ እርስዎ ይዞራል። ውሉ የጸና ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 የቀብዱን እጥፍ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ በቁጥር 1723 በተደነገገው ፎርም፣ ማለትም በጽሑፍ ሆኖ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት፣ ካልተደረገም የተቀበሉትን መመለስዎ አይቀርም። መያዣውን ደብቀውት ከሆነ ደግሞ የማታለል ክስ ሊከተል ይችላል። እባክዎ፣ በዘመድነት ተማምነው ይህን አያድርጉ።

መሸጥ ከፈለጉ ዘመድዎን ይዘው ባንኩ ዘንድ ይቅረቡ። ባንኩ የሽያጩን ፈቃድ በጽሑፍ ይስጥ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለብድሩ ሒሳብ ይግባ፤ የመያዣ ስረዛ ደብዳቤውም መቼ እንደሚሰጥ በውሉ ይስፈር። «እንጠብቅዎታለን» የሚል የቃል ተስፋ አይበቃም።

ባለቤትዎ የመያዣ ውሉን ፈርመዋል? ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራን ቤት ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ካልፈረሙ እሳቸው ራሳቸው ጠበቃ ያማክሩ፤ የመቃወሚያው ጊዜ ገደብ አለው።

የብድሩንና የመያዣውን ውል፣ ማስጠንቀቂያውን፣ የክፍያ ደረሰኞችንና ካርታውን ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ቀብድ ተቀብለው ከሆነ ገና ሲቀመጡ ይንገሩት።