ሸራው ከሩቅ ይታይ፦ የባህር ጉዞ ለምታዘጋጁ ወጣት አጫዋቾች

ውድ ወጣቶች፣

የምናብ ዓለም የሚና ጨዋታ (አጫዋቹ ታሪኩን እየመራ፣ ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው የሚጫወቱት) የምታጫውቱ ከሆነ ተጫዋቾቻችሁ አንድ ቀን መርከብ ላይ መሳፈራቸው አይቀርም። ያኔ ብዙዎቻችሁ ምን እንደምታደርጉ አውቃለሁ። በመንገድ ሊያጋጥም የሚችለው ነገር በቁጥር የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ታወጣላችሁ፤ የቀኑን ገጠመኝ ለመምረጥ ለእያንዳንዱ የጉዞ ቀን ዳይስ ትጥላላችሁ። አንደኛ ቀን ምንም የለም። ሁለተኛ ቀን ሻርክ። ሦስተኛ ቀን ምንም። አራተኛ ቀን የባህር ወንበዴ፣ ያውም ሰይፉን መዞ ድንገት መርከቡ ጎን ዱብ ያለ። አምስተኛው ቀን ላይ ጠረጴዛው ዙሪያ ካለው ሰው ግማሹ ስልኩን እየጎረጎረ ነው።

ጨዋታ ስነድፍ ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ እስቲ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ችግሩ ሠንጠረዡ አይደለም። ችግሩ ባህሩን እንደ ጫካ መንገድ ማየታችሁ ነው። ጫካ ውስጥ ሽፍታ ከዛፍ ጀርባ ዘሎ ይወጣል። ባህር ላይ የሚደበቁበት ዛፍ የለም። ጭጋግ ወይም ጨለማ ካልሆነ በስተቀር የሚመጣው ነገር ከሩቅ ይታያል። ጨዋታውም ያለው እዚያ ርቀት ውስጥ ነው።

ቁጥሩን እንየው። መርከብ ወለል ላይ የቆመ ሰው፣ ዓይኑ ከውሃው 2 ሜትር ገደማ ከፍ ቢል፣ አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ምሰሶ ላይ የወጣ ጠባቂ ግን እስከ 20 ኪሎ ሜትር ያያል። የሌላ መርከብ ሸራ ከሆነ ደግሞ ከዚያም አልፎ ጫፉ ብቅ ይላል። እንግዲህ 20 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሸራ ታየ እንበል። የእናንተ ሰዎች በ6 ኖት ይሄዳሉ፤ አሳዳጁ በ8። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አሳዳጁ ለመድረስ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

አምስት ሰዓት ማለት ለአጫዋች ሲሳይ ነው። እንዲህ አድርጉት። ጠባቂው «ሸራ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ዝም በሉ፤ እነሱ ይጠይቁ። የማን ነው? አይታወቅም። ወደኛ ነው የሚመጣው? ገና አልለየም። አንድ ሰዓት አሳልፉና ትንሽ ጨምሩላቸው፦ ሁለት ምሰሶ አለው፤ እናንተ አቅጣጫ ስትቀይሩ እሱም ቀየረ። እዚህ ላይ ሁሉም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ይስባል። ሌላ ሰዓት አለፈ፤ ባንዲራ ሰቀለ። የወዳጅ አገር ባንዲራ። ማን ይመን? በእውነተኛው የባህር ታሪክም በሐሰት ባንዲራ ጠጋ ማለት የታወቀ ዘዴ ነበር። አሁን አንዱ ጭነቱን እንጣልና እንቅለል ይላል። ሌላው እስኪመሽ እንሽሽ፣ ከዚያ በጨለማ እንታጠፋለን ይላል። ነጋዴዋ ጆንያዎቿ ላይ ተቀምጣ «እኔን ሳትጥሉ አንዱንም አትነኩም» ትላለች። እስካሁን አንድም ዳይስ አልተጣለም፤ ስልኩን የሚያይም የለም።

ነፋሱን አስቀድማችሁ ወስኑ። ባለ ሸራ መርከብ ነፋሱ ወደሚመጣበት በቀጥታ መሄድ አይችልም፤ ግራና ቀኝ እየታጠፈ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው መርከብ መቼ እንደሚገጥም ይመርጣል። ሌላኛው ወይ ይጠብቃል ወይ ይሸሻል። ለዚህ ወረቀት ላይ አንዲት ቀስት መሳል ይበቃል። ስለ ነፋስ አሥር ገጽ ሕግ የጻፈ ልጅ አይቼ አውቃለሁ፤ ከራሱ በቀር ያነበበው የለም።

ወንበዴው ደግሞ ምን እንደሚፈልግ ይታወቅ። የሚፈልገው ጭነቱን ነው፤ ጦርነት አይደለም። የተሰበረ ምሰሶና የሞተ መርከበኛ ለእሱ ኪሳራ ነው። በታሪክም ብዙ የንግድ መርከቦች ሳይዋጉ እጅ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ካፒቴኑ ይናገር፣ ያስፈራራ፣ ይደራደር። ተጫዋቾቻችሁ ግማሹን ጭነት ሰጥተው ቢያመልጡ ገጠመኙ ከሸፈ አትበሉ። ያ ወንበዴ ተመልሶ ሊመጣ ይችላላ!

እሳትን አትርሱ። የድሮ መርከብ ማለት እንጨት፣ ሬንጅ፣ ገመድና ሸራ ነው፤ ሁሉም ነዳጅ። በየቡድኑ ደግሞ የእሳት ኳስ መወርወር የሚወድ አንድ አስማተኛ አለ። ሁልጊዜ አለ። እሱን አትከልክሉት፤ ነገር ግን ከመወርወሩ በፊት ነፋሱ ወደየት እንደሆነ አስታውሱት።

ስለ ግዙፍ የባህር አውሬዎች ብዙ አልልም፤ እነሱን ሳልመክራችሁም ታመጣላችሁ። አንድ ብቻ፦ አውሬው ከመውጣቱ በፊት ምልክቱ ይውጣ። ዓሣው ይጥፋ፤ በባዶ ጀልባ ላይ ያልተነካ ምግብ ይገኝ። ደግሞም የብረት ጥሩር የለበሰው ጀግና ባህር ውስጥ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ከጉዞው በፊት ተነጋገሩ። መሀል ላይ ከሆነ ጠብ ነው።

እኔ ከአውሬ ይልቅ የምወደው የነፋስ መጥፋትን ነው። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ውሃ ብትመድቡ፣ 40 ሰው በ30 ቀን 3,600 ሊትር ይጨርሳል። ነፋሱ ሲቆም መርከቡ ይቆማል፤ በርሜሉ ግን መጉደሉን አያቆምም። ማን ይቀነስበት? ውሃ የሚፈጥር አስማት ካለ ደግሞ ያ ሰው በአንድ ሌሊት የመርከቡ ንጉሥ ሆነ ማለት ነው። መርከበኞቹ እንዴት እንደሚያዩት አስቡት።

ጉዞው ወራት ከፈጀ ስከርቪ አለላችሁ። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ሲጠፋ የሚመጣ በሽታ ነው። ድድ ይደማል፣ ጉልበት ይከዳል፤ ከሁሉ የሚገርመው የዳነ የቆየ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ጄምስ ሊንድ የተባለ የብሪታንያ ባህር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1747 ብርቱካንና ሎሚ የበሉ ሕሙማን ቶሎ እንዳገገሙ አሳይቷል። ለእናንተ ምን ይሠራል? ከዓመት በፊት በዘንዶ ጥፍር የቆሰለው ጀግና ጠባሳው መድማት ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፊት እዩት። ያን ጊዜ ዛፉ በፍሬ የተሞላ፣ ጠባቂው ግን ክፉ የሆነ ደሴት አሳዩአቸው።

ለአንድ ጉዞ እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ገጠመኞች ይበቃሉ። ምንም የማይሆንበትን ቀን ዝለሉት። «በዘጠነኛው ቀን የብስ ታየ» በሉና ወደብ አስገቧቸው። ለተቀደደው ሸራና ለተሰበረው መሪ የጥገናውን ሂሳብ ግን አትማሯቸው፤ ገንዘቡ ካልሞላላቸው ቀጣዩ ሥራቸው ተገኘ ማለት ነው።