የኮሌጁ ኮከብ ኤንቢኤ ሲገባ ምን ነካው?

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ተከራክረን መስማማት አቃተን። ጂመር ፍሬዴት በአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ በነጥብ አንደኛ ነበር፤ ኤንቢኤ (የአሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ) ላይ ለምን ደበዘዘ? እኔም ዩኒቨርሲቲያችን ማራኪ ግቢ ውስጥ ከሩቅ መወርወር እወዳለሁና ምን ልለማመድ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ብዙ ሰው በርቀቱ ያመካኛል። እውነት ነው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የኮሌጁ ባለሦስት ነጥብ መስመር 6.32 ሜትር፣ የኤንቢኤው ደግሞ 7.24 ሜትር ነበር። ፍሬዴት ግን ኮሌጅ እያለም ከዚያ ርቆ ያስገባ ነበር። ለብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በጨዋታ 28.9 ነጥብ ሲያስቆጥር ኳሱ ሁልጊዜ በእጁ ነበር፣ ቡድኑ ኳስ ይዞ እስኪወረውር የሚሰጠው ሰዓትም 35 ሰከንድ ነበር። የኤንቢኤ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በየተራ ሲመርጡ በ10ኛ ምርጫ ተወስዶ የሳክራሜንቶ ቡድን ሲገባ ሰዓቱ 24 ሰከንድ ሆነ፣ ኳሱ የሌሎች ሆነ፣ መከላከሉም አልሆነለትም። በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ቻይናው የሻንጋይ ቡድን ሄዶ ኳሱ እንደገና ሲሰጠው በአንድ ጨዋታ 73 ነጥብ አስቆጠረ። እንግዲህ ወንድምዎ «ችሎታ የለውም» ብሎ ከሆነ ተሸንፏል።

ለእርስዎ፦ መጀመሪያ የሜዳዎን ባለሦስት ነጥብ መስመር ይለኩ፤ ብዙ ቦታ በግምት ነው የሚቀባው። ከቀለበቱ መሃል ክር ላይ ድንጋይ አስረው ያውርዱ፤ ካረፈበት ነጥብ እስከ መስመሩ ውጫዊ ጠርዝ በዓለም አቀፉ ሕግ 6.75 ሜትር መሆን አለበት (ጥጎቹ ትንሽ ይቀርባሉ)። ከዚያ ሳያነጥሩ፣ ቅብብል እንደደረሰዎት፣ ከአምስት ቦታ አሥር አሥር ይወርውሩ። በየአሥሩ መካከል ሜዳውን አንዴ ሮጠው ይመለሱ። ኳሱ የቀለበቱን ፊት እየመታ ከተመለሰ እጅዎን አይውቀሱ፤ ደክሞዎት ጉልበትዎ መታጠፍ አቁሟል።