ሶዲየሙ ሞላ፣ ምላሱ ግን ታሰረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባታችን 62 ዓመታቸው ነው፤ የግፊት ክኒን ይወስዳሉ፤ አረቄ ያዘወትራሉ። ሳምንት ሙሉ ሲያስመልሳቸው ሰንብተው መቀባዠር ሲጀምሩ ሆስፒታል አስገባናቸው። በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) 106 ነው ተባለ። በማግስቱ 124 ደርሶ ነቅተው አወሩን። በአራተኛው ቀን ግን ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ውኃ ትን ይላቸዋል፤ እጅ እግራቸው ዛለ። ስትሮክ ይሆን? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ለይቶ የሚነግራችሁ ሐኪማቸው ነው። ሆኖም ነቅተው ካወሩ በኋላ ከ2 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ መልሶ መድከም፣ ሶዲየም በፍጥነት ሲጨምር የሚመጣውን የነርቭ ሽፋን ጉዳት ያስጠረጥራል። በአንድ ቀን 18 መውጣት ብዙ ነው።

የሶዲየም ልክ በአንድ ሊትር ደም ፈሳሽ ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ሲያንስ ውኃ ወደ አንጎል ሴል ይገባል፤ ሴሉም እንዳያብጥ በ2 ቀን ገደማ ውስጡ የሟሟውን ነገር ጥሎ ይላመዳል። ሶዲየሙ ድንገት ሲያሻቅብ ውኃው ይወጣል፤ የተጣለው ግን ቶሎ አይተካም። ሴሉ ይጨማደዳል፤ ነርቭን እንደ ሽቦ ላስቲክ የሚሸፍነው ማይሊን ይላጣል። ንግግር፣ መዋጥና እጅ እግር የሚታዘዙባቸው መስመሮች የሚያልፉበት የአንጎል ግንድ ደግሞ ቀዳሚው ተጎጂ ነው።

ሶዲየሙ ለመፍጠኑ ጥፋቱ ሁልጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አይደለም። የጎደለው ፈሳሽ ሲተካ ኩላሊት ውኃውን ይለቀዋል፤ ሽንት በሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሶዲየሙ በፍጥነት እያሻቀበ ነው። ፖታሲየም መስጠትም ሶዲየምን ያነሳል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

አረቄ ለሚያዘወትር፣ ለከሳ፣ ጉበቱ ለታመመ ወይም ፖታሲየሙ ላነሰ ሰው የሶዲየሙ ጭማሪ በ24 ሰዓት ከ8 ባይበልጥ ይመረጣል። ሶዲየሙ አንሶ እንደሚጥል በሽታ የሚያንቀጠቅጠው ታካሚ ባለ 3 በመቶ ሳላይን (የጨው ውኃ) ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር በ10 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ከ4 እስከ 6 መነሳቱ ለጊዜው ይበቃል። ጭማሪው ከልኩ ካለፈ ባለ 5 በመቶ ግሉኮስና ዴስሞፕሬሲን (ሽንት የሚቀንስ መድኃኒት) ይመልሱታል። አስታማሚ ፈሳሹን «ልቀቁት እንጂ፣ ዘገየ» ይላል፤ እዚህ ላይ የምታዘገየው ነርስ ልክ ናት።

አሁን መዋጣቸው ሳይፈተሽ በአፍ ምንም አትስጧቸው፤ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል። በየ2 ሰዓቱ አገላብጧቸው፤ ፊዚዮቴራፒ ጠይቁ። ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል ምርመራ) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንጹሕ ሊመስል ስለሚችል፣ ከ2 ሳምንት በኋላ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። በሳምንታትና በወራት የሚያገግሙ ብዙ ናቸው። የግፊት ክኒኑን ሽፋን ለሐኪሙ አሳዩ፤ ሶዲየም የሚያወርደው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ በሌላ ይቀየርላቸው።